የካሳቫ ግንድ ዝናብ እስኪመጣ እንዴት ይቆያል?

የኦፋው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከወላይታ ነኝ። ጥር ላይ ካሳቫውን ነቅለን ግንዱን ዛፍ ሥር ከመርነው፤ መጋቢት መጨረሻ ዝናቡ ሲመጣ ቆራርጠን ብንተክል ከግማሽ በላይ አልበቀለም። አሁን ማሳ ላይ የቀረኝ 40 እግር ነው። ጎረቤቶቼም «ለከርሞ ዘር ስጠን» እያሉኝ ነው። ይበቃል?

ቆላ ገበሬ፦
የገደለው መከመሩ ነው። የላዩ ይደርቃል፣ የታቹ ይሻግታል። ግንዱን ሳትቆራርጥ እሰርና ጥላ ሥር አቁመው፣ ግርጌው የለሰለሰ አፈር ውስጥ ገባ ይበል፣ አፈሩን አልፎ አልፎ አርጥበው። ጫፉ ላይ ቢያቆጠቁጥ አትደንግጥ። ስትተክል ቅርፊቱን በቢላ ጫር አድርገው፤ ወተቱ ቶሎ ብቅ ካለ ደህና ነው፣ ካላለ ለማገዶ።

የቀድሞ ዲኤ፦
ኧረ ቀሪውን ለምን ይነቅለዋል? ለዘር ያሰብከው እዚያው ይቁም፣ ዝናቡ ሲገባ ያኔ ትቆርጣለህ። በደንብ ያደገ እግር 10 ያህል ቁራጭ ይወጣዋል፤ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ከ5 እስከ 7 ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት ጉጥ) ያለው፣ ለጋውን ጫፍ ትተህ ከመሃሉ። 400 ቁራጭ በአንድ ሜትር ርቀት 20 በ20 ሜትር ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ሄክታር እኮ 10,000 ይፈልጋል። ውሃ ቅርብህ ከሆነ ግን ሁለት ሁለት ዓይን እያደረግህ ቆርጠህ መደብ ላይ አፍላው፣ ሥር ሲይዝ ወደ ማሳ ታዛውረዋለህ። ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆንልሃል።

ቆላ ገበሬ፦
መደቡ አንድ ሳምንት ውሃ ከቀረበት አለቀ። እኔ ሞክሬ ለቅሶ ሄጄ ስመለስ ድርቅ ብሎ ጠበቀኝ።

የኦፋው ልጅ፦
ወንዙ ቅርብ ነው፣ እሞክረዋለሁ። አራት አምስቱ ግን ቅጠላቸው ተጨማዶ ቢጫ ዝንጉርጉር ሆኗል። እነሱንም ልቁረጥ?

የቀድሞ ዲኤ፦
በጭራሽ! ሞዛይክ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ይመስላል፣ በሽታው ከግንዱ ጋር ነው የሚሄደው፤ ለጎረቤት ዘር ሰጠሁ ብለህ በሽታ ታድላለህ። ነጭ ዝንብም ወደ ጤነኛው ያጋባዋል፣ ቶሎ ንቀላቸው። ጤነኞቹ ላይ ደግሞ አሁኑኑ ክር እሰር። በጋ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ የቱ የታመመ እንደነበር በምን ታውቃለህ?

የኦፋው ልጅ፦
እውነት ነው፣ አምና ሳናይ ነው የቆረጥነው። የማዳበሪያ ከረጢት ክር አለኝ፣ ነገ ጠዋት አስራለሁ።