ዲፈረንሻል ማውረጃ ስፔሰር፦ ሁለተኛው ቡሎን አልገባ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። መኪናዬ ሃይሉክስ ቪጎ ነው፤ ፊቱን 5 ሳንቲም ከፍ አድርጌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስወጣ ከፊት ቀጭ ቀጭ ይላል፣ የግራው አክስል መሸፈኛ ጎማም ተሰንጥቆ ግራሶው ቸርኬው ላይ ተረጭቷል። አክስሉ ከልክ በላይ ስለተጣጠፈ ነው ብዬ የፊቱን ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ አክስሎች የሚያከፋፍለውን) ዝቅ የሚያደርግ 25 ሚሊ ስፔሰር፣ ማለትም በመሃል የሚገባ ቁራጭ፣ ቶርኖ ቤት አስቆረጥኩ፤ ረጃጅም ቡሎኖችም ገዛሁ።

ዛሬ ዲፈረንሻሉን በክሪክ ደግፌ ሁለቱን የፊት ቡሎኖች ፈታሁ። የቀኙ ገባ። የግራው ቀዳዳ ግን ግማሽ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ በብረት ብገፋው፣ ክሪኩን ከፍ ዝቅ ባደርገው አልመጣም። ጥርሱ እንዳይበላብኝ በመዶሻ አልመታሁትም። የኋላውን ማሰሪያ አልነካሁትም። መኪናው እንደተንጠለጠለ ነው፣ ነገ ደግሞ ደሴ የማደርሰው እቃ አለ።

ይህን ሥራ የሠራችሁ፣ መጀመሪያ የኋላውን ቡሎን ማላላት አለብኝ ወይስ የቀኙን አውጥቼ ሁለቱን እኩል ላስገባ?