ክርክር፦ የኮሪያ ጦርነት በ1950 መቆም ይችል ነበር?

የአፍንጮ በር ልጅ፦
ቀኖቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ጥያቄዬ አንድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሰሜንና ደቡብ ኮሪያን የሚለየውን 38ኛውን መስመር አልፎ ወደ ሰሜን መዝለቁ ልክ ነበር? እኔ አልነበረም እላለሁ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ማክአርተር ሴፕቴምበር 15 ሴኡል አጠገብ ባለችው ወደብ ኢንቾን ላይ ጦሩን አራገፈ። ወሩ ሳያልቅ የደቡቡ ዋና ከተማ ሴኡል ነፃ ወጣች። ወራሪው የሰሜን ኮሪያ ጦርም ወደ መጣበት ሸሸ። ሥራው እኮ አልቆ ነበር!

ታሪክ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ አሁን ላይ ሆኖ መናገር ቀላል ነው። ጦርነቱን ጁን 25 የጀመረው ሰሜኑ ነው። ሴኡልን በሦስት ቀን ያዘ። ደቡቡን ቡሳን ጥግ ድረስ ገፋው። እንዲህ ያለ ጦር ስለሸሸ ብቻ ይተው? ትንፋሹን ሰብስቦ ይመለስ ነበር። ደግሞ ያ መስመር ለኮሪያውያን ምናቸው ነው? በ1945 አሜሪካኖች ካርታ ላይ የመረጡት ነው። አንድ አገር ቢመኙ አይፈረድባቸውም።

የአፍንጮ በር ልጅ፦
ምኞታቸውን አልነቅፍም። ግን ቻይና አስጠንቅቃ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቹ ኤንላይ በሕንድ አምባሳደር በኩል፣ አሜሪካኖች መስመሩን ካለፉ ዝም እንደማይሉ ነግሯቸዋል። የሰማው የለም። ኦክቶበር 19 የሰሜኑ ዋና ከተማ ፒዮንግያንግ ተያዘች። በዚያው ሰሞን የቻይና ጦር የድንበሩን የያሉን ወንዝ ተሻገረ። ጃንዋሪ 1951 ላይ ሴኡል ዳግም ወደቀች፤ ማርች ላይ ደግሞ ተመለሰች። ዘጠኝ ወር ባልሞላ ጊዜ አራቴ እጅ ቀያየረች። በየዙሩ ልጅ አዝሎ የሚሸሸውን ሰው አስቡት።

ኮሪያ ሰፈር፦
አያቴ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው የቃኘው ሻለቃ ዘማች ናቸው። የኛዎቹ ቡሳን የደረሱት ሜይ 1951 ነው። ድርድሩ የተጀመረው ጁላይ ላይ። ከ120 በላይ ልጆቻችን ሞተዋል፤ አብዛኞቹ የወደቁት እንግዲህ ድርድሩ እየተካሄደ ሳለ ነው። ይሄ ነው አንጀቴን የሚበላኝ።

ታሪክ ወዳድ፦
ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን ድርድሩን ያጓተተው በዋናነት የምርኮኞች ጉዳይ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያንና ሰሜን ኮሪያውያን አንመለስም አሉ። አስረው ይላኳቸው?

የአፍንጮ በር ልጅ፦
እዚህ ላይ እውነት አለህ። አስገድዶ መላክ ግፍ ነበር። ግን የኮረብታው ውጊያስ? ፖርክ ቾፕ የሚባለው ኮረብታ አካባቢ የኛም ልጆች ተዋግተዋል። አሜሪካኖች ያን ሁሉ ደም የፈሰሰበትን ኮረብታ ጁላይ 1953 ለቀው ወጡ። ጁላይ 27 የተኩስ አቁሙ ተፈረመ። መስመሩም ከ38ኛው ብዙም አልራቀ።

ኮሪያ ሰፈር፦
አያቴን ለምን ሄዱ ስላቸው፣ «በጣሊያን ጊዜ የደረሰልን የለም፤ እኛ ግን ለተወረረ ደረስን» ይሉኛል። በዚህ እኮራለሁ። ስለ ፒዮንግያንግ ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።