የጋራ ጨዋታችን ረቂቅ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ረቂቁን ያዘጋጀው አባል፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው እሑድ ከዚራ ስንገናኝ ለወጣቶች ማዕከሉ የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ እንዳረቅቅ ስለወከላችሁኝ፣ ለውይይት መነሻ ይሆናል ያልሁትን አቅርቤያለሁ። ማዕከሉን የምንጠይቀው አንድ ክፍልና የሦስት ወር ጊዜ ነው፤ በምላሹ የምንሠራው ደግሞ መቼቱ በ2090 ዓ.ም. ድሬዳዋ የሆነ፣ በአንድ ሰፈርና በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ ተጫዋቹ ከመዋጋት ይልቅ በመነጋገርና በመወሰን የሚያልፈው አጭር የአርፒጂ ጨዋታ ነው፤ አርፒጂ ማለት ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ የሚጫወተው ነው።

አጭር ይሁን ያልሁት አቅማችን ውስን ስለሆነ ብቻ አይደለም። አብዛኞቻችን በፕሌይስቴሽን ቤት በሰዓት እየከፈልን ስላደግን፣ ሰፊ ካርታና ብዙ ሌቭል ያለው ጨዋታ ሁሉ ትልቅ ጨዋታ ይመስለናል። እኔ ግን የአርፒጂ ክብደት የሚታወቀው ጠዋት የተናገርሁት ቃል ማታ ተመልሶ ሲያገኘኝ ነው ብዬ አምናለሁ። መነሻውም ቀላል ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ፎልአውት የተባለው ጨዋታ በመነሻው ተጫዋቹን ከምድር ቤት መጠለያው የሚያስወጣው የመጠለያውን ውኃ ማጣሪያ የሚቆጣጠረው ቺፕ ስለተበላሸ ነው፤ ምትኩን ፈልጎ እንዲያመጣም 150 ቀን ይሰጠዋል። ጄሪካን ደርድሮ ውኃ የጠበቀ የድሬ ልጅ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ዋና ገጸ ባሕርያችን በአሮጌው የምድር ባቡር ጥገና ክፍል የምትሠራ ወጣት መካኒክ ትሁን። በደንገጎ ተራሮች ላይ የተተከሉ የዝናብ መለኪያዎች መልእክት ይልኩላታል። የድሬዳዋ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ከባድ ዝናብ መጣሉን መሣሪያው ይነግራታል፤ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ዕቃቸውን ዘርግተው የሚነግዱትን ሰዎች ጎርፍ እንደሚመጣ ማሳመን ያለባት ግን እርሷ ናት። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለእኔ ይኸው ነው፤ አንድ አዲስ መሣሪያ መካከላችን ቢገባ ማን ያምነዋል፣ ማን ይጠቀምበታል፣ ማንስ ሳይደርሰው ይቀራል ብሎ መጠየቅ።

ከመጋላ የምትሳተፍ አባል፦

ወንድማችን፣ ረቂቁን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መካኒኳን ወድጃታለሁ፤ በጎርፉ ላይ ግን ከባድ ቅሬታ አለኝ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ልጅ ነበርሁ። በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ ጭቃ የሞላው፣ አንድ እግር ብቻ የሆነ የሕፃን ጫማ አገኘን። እናቴ አጥባ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፤ የእኔ ነው ብሎ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። አንድ ተጫዋች ሰዎች ሲሞቱበት ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ ወዳስቀመጠበት ቦታ ተመልሶ እንደገና የሚሞክር ከሆነ፣ ያንን ሌሊት መጫወቻ አደረግነው ማለት ነው። ወይ ጎርፉ ይውጣ፣ ወይ በክብር የሚያዝበት መንገድ ይፈለግ።

የፕሮግራም ሥራውን የያዘው አባል፦

እኅታችን ያነሣችው ነጥብ የስሜት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአሠራርም ጉዳይ ስለሆነ፣ መልሱንም በአሠራሩ ውስጥ መፈለግ እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዲስኮ ኤሊሲየም የተባለው የአርፒጂ ጨዋታ 24 ክህሎቶች አሉት፤ አንድ ሙከራ መሳካት አለመሳካቱን የሚለዩት ፈተናዎቹም በሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ድምርና በክህሎቱ ነጥብ የሚወሰኑ ናቸው። ነጭ የሚባለው ፈተና ሲከሽፍ ተጫዋቹ ክህሎቱን አሳድጎ ሊመለስበት ይችላል፤ ቀይ የሚባለው ግን አንዴ ከተሞከረ አበቃ። በደቻቱ አሸዋ ላይ የሚደረጉት ንግግሮች ሁሉ ቀይ ይሁኑ፤ ጨዋታውም ከእያንዳንዱ ውሳኔ በኋላ ራሱ ሴቭ ያድርግ፤ ወደ ኋላ መመለሻ አይኑረው። የከሸፈ ንግግር ግን በር አይዝጋ። ሽንኩርት ሻጯ መካኒኳን ባታምናት እንኳ የሸራውን አንድ ጫፍ ይዛ ዕቃውን ልታግዛት ትችላለች፤ ከዚያም በኋላ የሚነጋገሩት እንደ መጀመሪያው አይሆንም።

ኮድ ከመጻፋችን በፊት ሁሉንም በወረቀት እንሞክረው፤ ወረቀት መብራት ጠፋ ብሎ አይቆምም። በሁለት ዳይስ ከሚወጡት 36 ዕድሎች 7 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገኙት 21 ሲሆኑ፣ 10 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገኙት 6 ብቻ ናቸው። በቁጥር ሦስት ደረጃ የሚመስለው ልዩነት በተግባር ከግማሽ በላይ የነበረውን ዕድል ወደ አንድ ስድስተኛ ያወርደዋል። ይህን በእጃችን ጥለን ካላየነው ለተጫዋቹ ፍትሐዊ አንሆንም።

ጡረታ የወጡት የቋንቋ መምህር፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። የጎደለ የመሰለኝ አንድ ነገር አለ። ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ አዳምጡ፤ ነጋዴዋ ዋጋውን በአማርኛ ትጀምራለች፣ ጎረቤቷን በኦሮምኛ ታማክራለች፣ ለቀጣዩ ገዢ በሶማልኛ ትመልሳለች፣ ይህንንም ሁሉ ሚዛኑን ከእጇ ሳታወርድ ታደርገዋለች። ስለዚህ ቋንቋ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ተመርጦ የሚረሳ ማስተካከያ ሳይሆን ከክህሎቶቹ አንዱ ይሁን። ሶማልኛ የማታውቅ መካኒክ ከአጠገቧ የሚባለውን ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አትስማ፤ የሚያስተረጉምላትን ሰው ትፈልግ፤ ያም ሰው ምን ያህሉን እንደ ነገራት ትጠራጠር። ሐረሪኛም አይረሳ። በጥገና ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኞች የሚያውቋቸው የፈረንሳይኛ የመሣሪያ ስሞች አሉ፤ አሮጌውን ማሽን ለማስነሣት እነዚያን ስሞች ከአንድ አዛውንት መማር ግዴታ ቢሆን እወዳለሁ።

ከሐረር የሚሳተፍ አባል፦

በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ሆኖም የጠፈር መርከብ የሌለበትን ጨዋታ ጓደኞቼ እንደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይቀበሉታል ወይ የሚል ሥጋት አለኝ። የሐረር ግንብ ጀጎልና አምስቱ በሮቹም በአንድ ምዕራፍ ቢገቡ መልካም ነበር።

ረቂቁን ያዘጋጀው አባል፦

ወንድሜ፣ ጀጎል የራሱ ጨዋታ ይገባዋል እንጂ የእኛ ምዕራፍ ሆኖ ሊጣበብ አይገባም፤ ለሁለተኛው ዓመት ይያዝልን። ስለ መርከቡ ግን፣ ማስ ኢፌክት በተባለው ተከታታይ የጠፈር ጨዋታ ብዙ መርከቦች አይተናል፤ እስከ ዛሬ የሚያከራክረን ግን የመጨረሻው ክፍል አጨራረስ ነው። በሦስት ጨዋታዎች የተከማቸ ምርጫ በጥቂት አማራጮች መዘጋቱ ተጫዋቾችን ስላስከፋ፣ አዘጋጆቹ ሦስተኛው ጨዋታ በወጣበት በ2012 እ.ኤ.አ. የተስፋፋ ማብቂያ በነፃ ለመጨመር ተገድደዋል። እኛ ልንፈጽመው የምንችለውን ብቻ ቃል እንግባ።

ጋሼ፣ የቋንቋውን ነገር እንዳለ ወስጄዋለሁ። እኅቴ፣ ያንቺን ቅሬታ በረቂቁ አራተኛ አንቀጽ እንዲህ አስፍሬዋለሁ፦ «ጨዋታው ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ባለው ቀን ይወሰናል። ውኃው ሲደርስ ምስሉ ይጠፋል፤ የሞተ ሰው አይታይም፣ የሟች ቁጥርም እንደ ነጥብ አይቆጠርም። ቀጥሎ የሚታየው የማግስቱ ጠዋት ሲሆን፣ መካኒኳ ያነጋገረቻቸው ሰዎች ቦታቸው ላይ መኖር አለመኖራቸውን ተጫዋቹ ራሱ ዞሮ ያያል።»

ከመጋላ የምትሳተፍ አባል፦

እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። የማግስቱን ጠዋት ጽሑፍ እኔ እንድጽፈው ይፈቀድልኝ፤ በመስኮቱ ላይ የተቀመጠ ጫማም ይኑርበት፤ ተጫዋቹ ሲነካው ምንም መግለጫ አይውጣ።

ረቂቁን ያዘጋጀው አባል፦

ተፈቅዷል። የፊታችን እሑድ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ የሽንኩርት ሻጯን ንግግር በወረቀት እንሞክራለን። ዳይስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ጋሼም የፈረንሳይኛ ስሞቹን ዝርዝር ቢያመጡልን እናመሰግናለን።