የአባ ሳሙኤል ዓሳ ይመርመር፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም የማኅበራችን አባላት። ፕሮፖዛሉን እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው፣ የፋብሪካውንም የመንደሩንም ፍሳሽ ይዘው የሚገቡት እዚህ አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ ሐይቅ። ረቂቁ «የውሃ ጥራት ጥናት» ይላል። እኔ ይቀየር ባይ ነኝ። የውሃውን መቆሸሽ ሁሉም ያያል። ሰው የሚጠይቀን «ዓሳው ይበላል ወይ?» ብሎ ነው።

አስጋሪ አባል፦ እስማማለሁ። ግን «የተመረዘ ዓሳ» የሚለው ከረቂቁ ይውጣ። ውጤት ሳይመጣ ወሬው ገበያ ከገባ እንጀራችን ተዘጋ ማለት ነው። ደግሞ ቆሮሶና (ቲላፒያ) አምባዛ እኩል አይታዩም። አምባዛ ጭቃው ላይ ነው የሚውለው፤ ትንንሽ ዓሳም ይበላል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት ከተበላው ዓሳ ወደ በላተኛው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ ናሙናው በዓይነትና በመጠን ይለይ። ትልቁና ትንሹ አምባዛ አንድ ላይ ተፈጭተው ቢለኩ፣ ከውጤቱ ምክር አይወጣም። ሥጋው ለብቻ፣ ጉበቱና ስንጥቡ (መተንፈሻው) ለብቻ ይመርመር። ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣው ክሮም በብዛት የሚገኘው ከሥጋው ይልቅ እነዚህ ላይ ነው።

የናሙና አያያዙም በጀት ይያዝለት። እንደ ሜርኩሪና ክሮም ላሉ ከባድ ብረቶች የሚመረመረው በንጹህ ፌስታል፣ ለዲዲቲ (የተባይ ማጥፊያ መርዝ) የሚመረመረው በፎይል፣ ሁለቱም በረዶ ላይ። የማይዝግ ብረት ቢላ ራሱ ክሮም አለበት። በእሱ ቆርጠን ክሮም ብንለካ የቢላው ከዓሳው ጋር ሊደባለቅብን ይችላል። የሴራሚክ ቢላ ይገዛ።

ዓሳ ሻጭ አባል፦ ጭንቅላቱን አትርሱት እንጂ! ፊሌቶውን የሚወስደው ገንዘብ ያለው ነው። ጭንቅላትና አጥንቱን በርካሽ የሚገዙኝ ለልጆቻቸው ሾርባ የሚሠሩ እናቶች ናቸው። ስንጥቡ እንኳን ሳይወጣ ድስት ውስጥ ይገባል።

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ሾርባው በዋናው ጥያቄ ውስጥ ይግባ። ፊሌቶ ብቻ መርምረን «ደህና ነው» ብንል እነዚያን እናቶች ዘልለናቸው ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ ምክሩን በተመለከተ። «ዓሳ አትብሉ» ማለት ቀላል ነው። ሥጋ በተወደደበት ጊዜ ግን ለነፍሰ ጡርም ለልጅም ዓሳ ጥሩ ምግብ ነው። ምክራችን የትኛው ዓሳ፣ የትኛው ክፍል፣ በሳምንት ስንት ጊዜ የሚል ይሁን። ዲዲቲ የሚጠራቀመው ስብ ውስጥ ስለሆነ ቆዳውንና የሆዱን ስብ ማውጣት ይቀንሰዋል። ሜርኩሪ ግን ሥጋው ውስጥ ነው፤ ቢጠበስም ቢቀቀልም አይወጣም። «በደንብ አብስሉት» ብቻ ብለን ከለጠፍን ሰው እናሳስታለን።

አስጋሪ አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። ውጤቱ ክፉም ይሁን ደግ፣ ለኛም ለገዢውም በአንድ ቀን ይነገር። መርዙ ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ የሆነ ዓሳ ከተገኘ አስጋሪው ምን ይሁን የሚለውም ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ሁለቱም ይገባሉ። ማነጻጸሪያችን የኮዴክስ (የዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ) ጣሪያ ነው፤ ለምሳሌ ለእርሳስ በኪሎ ዓሳ 0.3 ሚሊግራም። ናሙና ሁለት ጊዜ ይወሰድ፦ ውሃው ሲጎድል ግንቦት ላይ፣ ከክረምቱ ጎርፍ በኋላ ደግሞ ጥቅምት ላይ። የላብራቶሪዋ እህታችን የዕቃውን ዋጋ፣ አስጋሪዎች የማስገሪያ ቦታዎቹን ዝርዝር እስከ ዓርብ ላኩልኝ። ስለ አስጋሪው ካሳ ግን በጽሑፍ አንጨርሰውም፤ ቅዳሜ ተገናኝተን እንወስን።