በጃፓን የሚና ጨዋታዎች ውስጥ የአርት ዳይሬክተር ሥራ ምንድን ነው?

የቀሃ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጓደኞቼና እኔ እዚሁ ጎንደር ሆነን አንድ አነስተኛ የሚና ጨዋታ (ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ታሪኩን የሚከተልበት የቪዲዮ ጨዋታ) መሥራት ከጀመርን ስምንት ወር ሆኖናል። ታሪኩ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የሚፈጸም ሲሆን፣ የአጨዋወቱን ሥርዓት የወሰድነው ግን ልጆች ሳለን በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ካወቅናቸው የጃፓን ጨዋታዎች ነው። አንዱ ጓደኛችን ገጸ ባሕርያቱን ይሥላል፣ እኔ ሕንፃዎቹንና መልክዓ ምድሩን እሠራለሁ፣ ሦስተኛው ኮዱን ይጽፋል። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ ያምራል፤ አንድ ላይ ሲቀመጥ ግን አይዋሐድም። ገጸ ባሕርያቱ ወፍራም ጥቁር መስመርና ደማቅ ቀለም አላቸው፤ እኔ የሠራሁት የፋሲል ግቢ ደግሞ ከፎቶግራፍ ተነሥቶ የተሠራ በመሆኑ የግንቡ ድንጋይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በዚህም ምክንያት ሰዎቹ ከሌላ መጽሐፍ ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ።

በጃፓን ጨዋታዎች መጨረሻ ላይ በሚያልፈው የባለሙያዎች ስም ዝርዝር ውስጥ «አርት ዳይሬክተር» የሚለው ማዕረግ ከ«ካራክተር ዲዛይነር» (የገጸ ባሕርያት ነዳፊ) ተለይቶ ተጽፎ አያለሁ። የሁለቱ ሥራ ልዩነት ምንድን ነው? እንደ እኛ ላለ የሦስት ሰው ቡድንስ ያስፈልጋል ወይ? የሚያስፈልግ ከሆነ ከሁላችን የተሻለ የሚሥለውን ጓደኛችንን ብንሾመው ተገቢ ይሆናል?

አንገረብ፦

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በማስታወቂያው ላይ የምናየውን ሰው የሣለው ባለሙያ የጨዋታውን ዓለም በሙሉ የሠራ ስለሚመስለን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን ፋይናል ፋንታሲ 7 የተባለውን የጃፓን ጨዋታ እንውሰድ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የዋናውን ገጸ ባሕርይ የክላውድንና የጓደኞቹን መልክ የነደፈው ቴትሱያ ኖሙራ ነው፤ የጨዋታውን መንፈስ የሚያሳዩትን ረቂቅ ሥዕሎች የሣለው ዮሺታካ አማኖ ነው፤ አርት ዳይሬክተሩ ግን ዩሱኬ ናኦራ ነበር። ሚድጋር የተባለችውን ከተማ የተጫወታችሁ ሁሉ ታስታውሷታላችሁ። ባለጸጎቹ ከፍ ብሎ በተዘረጋ የብረት ወለል ላይ ይኖራሉ፣ ድኾቹ ከሥሩ ሰማይ በማይታይበት ሰፈር ታጭቀዋል፣ ዙሪያውን የቆሙት ስምንት የኃይል ማመንጫዎች ደግሞ አረንጓዴ ብርሃን ይተፋሉ። ጨዋታው ሲከፈት አበባ የያዘችው ልጅ ፊት የሚታየው በዚያው አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ከዚያ እይታው ወደ ኋላ እየራቀ ሲሄድ ከተማዋ በሙሉ ትገለጣለች። ከምድር ተመጥጦ የሚወጣው ኃይል የታሪኩ ዋና ጉዳይ መሆኑን ማንም ሳይነግረን ዓይናችን አስቀድሞ ይረዳዋል። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ በመሣል ማምጣት አይቻልም፤ ቀለሙ፣ ብርሃኑና የሕንፃው አቀማመጥ ለአንድ ሐሳብ እንዲገዙ የሚያደርግ ሰው ይፈልጋል።

አርት ዳይሬክተር በየዕለቱ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ቀለም ለማን እንደሚሰጥ፣ መስመሩ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን እንደማይሣል ይወስናል፤ ከዚያም የሌሎቹን ሥራ እያየ ይመልሳል ወይም ያሳልፋል። በፋይናል ፋንታሲ 7 ገጸ ባሕርያቱ ሲራመዱ ድንክ ሲሆኑ ወደ ውጊያ ሲገቡ ቁመታቸው ይረዝማል፤ እናንተን የገጠማችሁ ዓይነት አለመዋሐድ እዚያም ነበር ማለት ነው። በ1999 በወጣው 8ኛው ክፍል ላይ፣ አርት ዳይሬክተሩ ያው ናኦራ ሆኖ ሳለ፣ የሰው ቁመት በሁሉም ቦታ አንድ ሆነ። በ2000 በወጣው 9ኛው ክፍል ሒዴዎ ሚናባ አርት ዳይሬክተር ሲሆን ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው የጎላ፣ ከተሞቹም የአውሮፓን የጥንት ተረት የሚያስታውሱ ሆኑ። በመካከላቸው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ቢኖርም፣ ከሁለቱ የአንዱን ምስል ያየ ሰው የየትኛው እንደሆነ ለመለየት አይቸገርም።

ስለ ሹመቱ የጠየቅኸውን በተመለከተ፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የተሻለ የሚሥለውን መሾም አይገባም። እንዲህ ያለ ሰው ለራሱ ሥዕል ይሳሳል፤ አርት ዳይሬክተር ግን ቆንጆ ሥዕል እያየም «ይህ የእኛ ዓለም አይደለም» ብሎ ማስቀረት አለበት።

የሥዕል መምህርት፦

አንገረብ ስለ ሥራው የጻፉት ትክክል ነው፤ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ግን አልስማማም። ሺጌኖሪ ሶኤጂማ ፐርሶና በተባሉት የጃፓን ተከታታይ ጨዋታዎች 3ኛ፣ 4ኛ እና 5ኛ ክፍል ላይ ገጸ ባሕርያቱን ነድፏል፣ አርት ዳይሬክተርም ነበር። 3ኛው ሰማያዊ፣ 4ኛው ቢጫ፣ 5ኛው ቀይ መሆናቸውን ጨዋታዎቹን ያልተጫወተ ሰው እንኳ ከርቀት ይለያል። ስለዚህ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ሊይዝ ይችላል፤ የሚጠበቅበት የራሱን ሥዕል የሌላ ሰው ሥዕል እንደሚያይ ሆኖ መመርመር ነው።

ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ጎንደር ተቀምጣችሁ መፍትሔውን ከጃፓን ብቻ መፈለጋችሁ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። የመላእክቱ ፊት በረድፍ ተደርድሯል፤ የአንዱ ዓይን ከሌላው ጥቂት ይለያል፣ ሆኖም ሁሉም የአንድ ሰማይ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ከፊት ለፊት ይሣላል፣ ኃጥኡና ጠላቱ ግን በአንድ ዓይን በጎን ይሣላል። ይህ ሕግ ስላለ ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ማን ማን እንደሆነ አይጠፋውም። የጃፓኑ ባለሙያ ለቡድኑ በወረቀት አዘጋጅቶ የሚሰጠውን መመሪያ የእኛ ሠዓሊዎች ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ያስተላልፉት ነበር።

ታሪካችሁ የምንትዋብ ዘመን ከሆነ ደግሞ ምርጫው ግማሽ ተሠርቶላችኋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ደማቅና ጥላ የሌለው ቀለም፣ ባዶ ጀርባም አለው፤ የጓደኛችሁ ገጸ ባሕርያት ወደዚህ ያደላሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ሁለተኛው አሣሣል ግን ፊትን በጥላ ያለሰልሳል፣ ጀርባውን ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ በቀስ ያሸጋግራል፣ በልብሱ ጌጥ ላይ ይራቀቃል። እቴጌይቱ ራሷ የዚህ ዘመን ሰው ናት። በሁለቱም አሣሣል ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ተቆጥሮ አይሣልም፤ በመሆኑም መስተካከል ያለበት የጓደኛህ ሥራ ሳይሆን የአንተ ፎቶግራፍ ነው።

የአዘዞው አንባቢ፦

አንድ ነገር ልጨምር። በፐርሶና 5 ሰው የሚደነቅበት ትልቁ ነገር የምርጫ ሰሌዳው (ሜኑው) ነው፤ የዚህን ክፍል ሥራ የመራው ማሳዮሺ ሱቶ ነው፣ ያዘነበሉትና ከጋዜጣ ተቀድደው የተለጠፉ የሚመስሉት ፊደላት የጨዋታውን የዐመፅ ስሜት ያለ ሥዕል ያስተላልፋሉ። ስለዚህ የምትሾሙት ሰው ፊደሉንም ይቆጣጠር። በብራና መጻሕፍታችን ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ተጽፎ የቅዱሳን ስም በቀይ ይወጣል። ያንኑ ሥርዓት ብትይዙ ተጫዋቹ የሚነጋገረውን ሰው ስም በቀይ፣ ንግግሩን በጥቁር ያነባል፤ ሌላ ጌጥም አያስፈልጋችሁም።

የቀሃ ልጅ፦

መምህርት፣ እውነትዎን ነው፤ ለጓደኞቼም አነበብኩላቸው። የሚያሳስበኝ ግን እስካሁን የሠራኋቸው ሃያ ስድስት ቦታዎች ናቸው። ሁሉንም ጥዬ እንደ ሁለተኛው አሣሣል እንደገና ልሥል ብል፣ በጥላና በቀለም ሽግግር እጄ ገና አልተፈታም።

አንገረብ፦

በመጀመሪያ፣ ስለ ሶኤጂማ መምህርት ያሉትን እቀበላለሁ፤ ፍርዴ ጠበብ ያለ ነበር።

የእጅ ጉዳይ ካስጨነቀህ ደግሞ የፋንታዢያንን ምሳሌ ተመልከት። የፋይናል ፋንታሲ መሥራች ሒሮኖቡ ሳካጉቺ በ2021 ያወጣው ይህ ጨዋታ ቦታዎቹ በኮምፒውተር አልተሣሉም፤ ከ150 በላይ ትንንሽ የመንደርና የቤት ሞዴሎች በእጅ ተሠርተው ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ገጸ ባሕርያቱም በዚያ ላይ ተጨመሩ። አንተ ፎቶግራፍ ማንሣት ታውቅበታለህ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ አለ። እዚያ በሸክላ የሚሠሩት ትንንሽ ምስሎች ዝርዝራቸው ጥቂት፣ ቅርጻቸው ግልጽ ስለሆነ ከጓደኛህ ወፍራም መስመር ጋር የሚጣሉ አይመስለኝም። ሃያ ስድስቱን አሁን አትንካቸው። የቁስቋምን አንድ ክፍል ብቻ በጭቃ ሠርተህ፣ በመምህርት ምክር ቀለም ቀብተህ፣ በመስኮት ብርሃን አንሣውና አንድ ገጸ ባሕርይ አቁምበት።

የቀሃ ልጅ፦

የፊታችን ቅዳሜ ወደ ወለቃ እንሄዳለን። የገጸ ባሕርያቱ ሠዓሊ ጓደኛችንም አብሮን ይመጣል፤ የክፍሉን ቀለም የሚመርጠው እርሱ እንዲሆን፣ የእርሱን ሥዕል የማሳለፍ ወይም የመመለስ ሥልጣን ግን ኮዱን ለሚጽፈው ጓደኛችን እንዲሰጥ ትናንት ማታ ተስማምተናል። ምስሉ እንደተነሣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።