የአውሮፓ የጭስ ልቀት ሞዴል በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ይሠራልን?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአዲስ አበባን የተሽከርካሪ ጭስ ለማስላት ኮፐርት የተባለውን የአውሮፓ ሞዴል እየተጠቀምኩ ነው። ስሌቱ በመኪናው ዓይነት፣ በተሠራበት የጭስ ልቀት ደረጃ፣ በአማካይ ፍጥነቱና በሚጓዘው ርቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ከተማችን ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ብዙዎቹ መኪኖችም አገልግለው የገቡ ናቸው። የአውሮፓውን አኃዝ እንዳለ መውሰድ ተገቢ ነውን?

መልስ 1፦ ስጋትዎ ትክክል ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በተለይ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየርን የሚቀላቅል ክፍል) ያላቸው የድሮ የቤንዚን ሞተሮች ነዳጁን በአየሩ ልክ ሳይቀንሱ ያቃጥላሉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝም ይጨምራል። አውሮፓ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገድ ላይ የሚያካሂደው የልቀት ፍተሻ እንኳ የሚሸፍነው እስከ 1,300 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ከተማ ከፈተናው ክልል ውጭ ናት፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይታክተኝም።

መልስ 2፦ ከከፍታው ባልተናነሰ አማካይ ፍጥነቱም ያሳስበኛል። በመገናኛ ሰፈር የመንገድ መጨናነቅ ውስጥ እየቆመ የሚነሳ ሚኒባስና በዝግታ ሳይቆም የሚጓዝ ሌላ ሚኒባስ እኩል አማካይ ፍጥነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ጭሳቸው ግን እኩል አይደለም። ሙቭስ የተባለው የአሜሪካ የልቀት ሞዴል የሞተሩን ጉልበት በየሰከንዱ ስለሚመለከት፣ የእንጦጦን ዓይነት ዳገት ጭምር ማስላት ይችላል። በመጀመሪያ በጥቂት ታክሲዎች ላይ ጂፒኤስ ገጥመው የፍጥነቱን መዝገብ ይሰብስቡ። ከተቻለም በመኪናው ላይ የሚጫን የጭስ መለኪያ ተውሰው የተወሰኑትን ይለኩ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የናፍጣ መኪኖች በመንገድ ላይ ከሕጉ በብዙ እጥፍ እንደሚለቁ ያሳዩት በዚህ መሣሪያ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ከመገናኛ መስመር እጀምራለሁ።