«ቁልቁል ምቺ» እና «ሽቅብ ምቺ»፦ ልጄ ማንን ትስማ?

ጥያቄ፦ አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ልጄ አስራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከአስራ ሁለት ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ቡድን ውስጥ ሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ትጫወታለች። የቡድኑ አሰልጣኝ «ዱላውን ከትከሻሽ ቁልቁል ወደ ኳሱ አውርጂው» ይላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍለን የሚያሠለጥናት ሌላ ሰው ደግሞ «ሽቅብ ምቺ» ይላል። ቀኝ እጅ ናት። ከምትመታቸው ኳሶች አብዛኞቹ እየተንከባለሉ ሾርትስቶፕ (ከመቺዋ ሲታይ በሜዳው ግራ በኩል የምትቆመው ተከላካይ) እጅ ይገባሉ፤ የቀሩት ከራሷ በላይ ወደ ሰማይ ይጎናሉ። እኔ ስለ ዱላና ኳስ የማውቀው የገናን ጨዋታ ብቻ ነው። ጓሮ ይዣት ወጥቼ ላሳያት ስል «አባዬ፣ ይህ ሌላ ጨዋታ ነው» ብላ አስቆመችኝ። ማንን ትስማ?

መልስ፦ አሰልጣኝ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ወንድሜ፣ ከሁለቱ የቅዳሜው ሰው ለእውነቱ ይቀርባል፤ ነገር ግን ለልጅ «ሽቅብ ምቺ» ብሎ መተው ስንፍና ነው። ይህን የሰማች ልጅ የኋላ ትከሻዋን ትጥልና ኳሱን ከሥር ትመታዋለች። የሚጎኑት ኳሶች የሚመጡት ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የኳሱን አመጣጥ ይመልከቱ። በልጅዎ ዕድሜ ፒቸሯ (ኳስ ወርዋሪዋ) የምትወረውረው ከ40 ጫማ ነው፤ 12 ሜትር ገደማ። ኳሱ ከጭን አጠገብ ስለሚለቀቅ ሽቅብ የሚመጣ ይመስላል፤ «የሶፍትቦል ኳስ ይነሳል፣ ስለዚህ ከላይ ምቱት» የሚለው ትምህርት የተወለደው ከዚህ ነው። በሰዓት 45 ማይል የተወረወረ ኳስ ግን ልጅዎ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሬት ስበት ሥራውን ይሠራል፤ ኳሱ ሆም ፕሌት (መቺዋ አጠገቡ የምትቆመው ሰሌዳ) ላይ የሚደርሰው ጥቂት ዲግሪ ቁልቁል አዘንብሎ ነው። ቁልቁል የሚመጣን ኳስ ቁልቁል በሚወርድ ዱላ ከመቱት ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ልጅቷ ጥቂት ብትቀድም ወይም ብትዘገይ ትስታለች። ዱላው ቀድሞ የኳሱ መንገድ ውስጥ ከገባና በዚያው መንገድ ወደ ፒቸሯ ጥቂት ሽቅብ ከተጓዘ ግን ብትቀድምም ብትዘገይም የማግኘት ዕድል አላት። በ1941 ውድድር ዓመት .406 የመታው (ከአሥር ሙከራ አራት ያህሉ የተሳካለት) የቤዝቦል ተጫዋቹ ቴድ ዊልያምስም የሚደግፈው ይህንኑ ጥቂት ሽቅብ ያለ አመታት ነበር።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሾርትስቶፕ ጋ የሚንከባለለው ነው። በቀኝ የምትመታ ልጅ ደጋግማ ወደዚያ የምታንከባልል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ እጆቿ ከሰውነቷ ርቀው ዱላው በሩቅ እየዞረ ይመጣል፣ ወይም የእጅ አንጓዋ ኳሱን ሳያገኝ ይገለበጣል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ይህ በ«ሽቅብ» እና በ«ቁልቁል» አይድንም፤ በቅደም ተከተል ነው የሚድነው። የፊት እግሯ መሬት ሲይዝ እጆቿ ገና ከኋላ ትከሻዋ አጠገብ ይቆዩ። ከዚያ ወገቧ ይዙር፤ ደረቷ ይከተል፤ የኋላ ክርኗ ወደ ጎድኗ ይግባ። ዱላው የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ኳሱን ስታገኝ የቀኝ መዳፏ ወደ ሰማይ፣ የግራዋ ወደ መሬት ያይ። አንጓዋ የሚገለበጠው ኳሱ ከሄደ በኋላ ብቻ ነው።

በቤት ሁለት ነገር ይሥሩ። አንደኛ፣ በሽቦ አጥር ፊት ትቁም፤ በሆዷና በአጥሩ መካከል የአንድ ዱላ ርዝመት ይኑር። አጥሩን ሳትነካ ትምታ። ዱላው አጥሩን እየጫረ ከሄደ እጆቿ እየራቁ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ኳስ የሚቀመጥበትን ዘንግ ከፊት እግሯ ትንሽ ፊት ለፊት አቁሙ፤ ሌላ ዘንግ ደግሞ ከእርሱ ወደ ፒቸሯ አቅጣጫ፣ በጥቂቱ ከፍ አድርጋችሁ። የመጀመሪያውን ኳስ መትታ ሁለተኛውንም እንድታገኝ ይጠይቋት። «ሽቅብ» የሚለውን ቃል ሳትሰማ ዱላዋ መንገዱን ይማራል።

የገናውንም ነገር አይጣሉት። ክብደትን ከኋላ ወደ ፊት ማዛወሩና ወገብ ማዞሩ ያው ነው፤ የሚለየው ኳሱ መሬት ላይ መሆኑ ነው።

መልስ፦ የእሁድ ተጫዋች ከዳላስ

እኛ ሽማግሌዎች በምንጫወተው፣ ኳሱ በዝግታ ከፍ ብሎ በሚወረወርበት ሶፍትቦል ሁላችንም ሽቅብ ነው የምንመታው። ግን እህቴ፣ በግራ ቆመው እየሮጡ ኳሱን ቁልቁል ነካ አድርገው የሚፈተለኩ ልጃገረዶች አይቻለሁ። እነሱ ተሳስተዋል?

መልስ፦ አሰልጣኝ ከኦሮራ

ጋሼ፣ አልተሳሳቱም፤ ሌላ ሙያ ነው። ኳሱን መሬት ላይ ማስቀመጥ ፈልገው ነው፤ ቤዞቹ (መቺዋ ሮጣ የምትረግጣቸው ማረፊያዎች) የሚራራቁት 60 ጫማ ብቻ ስለሆነ ፈጣን ልጅ ኳሱ ሳይደርስ አንደኛ ቤዝ ላይ ትገኛለች። ይህች ልጅ ግን በቀኝ የምትመታ ናት፤ ሮጣም አትመታም። የእነርሱ ትምህርት ለእርሷ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጥሩን ሞከርነው፤ አሁንም አሁንም እየጫረችው ተናደደች። ዱላዋ ከአክስቷ ልጅ የተወረሰ ነው፤ 32 ኢንች፣ 24 አውንስ ይላል። የቡድኑን አሰልጣኝስ ምን ልበለው? ሰውየው ቅን ነው፣ ማስቀየም አልፈልግም።

መልስ፦ አሰልጣኝ ከኦሮራ

ዱላው ነዋ! እንዲህ ያለው ለትልልቅ ልጆች ነው። በአንድ እጇ ከእጀታው ጫፍ ይዛ ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ ትቁም፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ክንዷ ከተንቀጠቀጠ ከብዷታል። ከከበዳት ጫፉ ይወድቃል፤ ያንን ለማካካስ እጆቿን ታርቃለች። 30 ኢንች፣ 20 አውንስ ወይም ከዚያ የቀለለ ያስሞክሯት። ያገለገለም ይሆናል፤ ብቻ ስንጥቅ እንደሌለው ይዩ።

ስለ አሰልጣኙ፦ እኔም ከአጥር ጀርባ የሚያስተምር ወላጅ አልወድም፤ ልጆቹ ሲበተኑ ለብቻው ያነጋግሩት። «ቁልቁል» የሚሉ ብዙዎች ራሳቸው ሲመቱ የሚሰማቸውን ነው የሚናገሩት፤ ቪዲዮው ላይ ዱላቸው ሌላ መንገድ ይሄዳል። ምናልባት ሊላት የፈለገው «እጅሽ አይዙር፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ» ነው፤ ያ ከሆነ ከእኔ ጋር ልዩነት የለውም። በስልክዎ ከጎን፣ በወገቧ ከፍታ፣ በዝግታ በሚያሳየው አቀራረጽ ይቅረጿትና አብራችሁ እዩት። አዲሱን ዱላ ይዛ ከሆነ ደግሞ ይሻላል።